የወንፈል ተራ፣ የቃል ጭራ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የቁሐር ሚካኤሉ ጉድ ግን መስከረምን መጠበቅ አቅቶት ግንቦት ላይ ከተፍ አለ። ካሴ የገዛ ሚስቱ ወላጅ ሆኖ ትምህርት ቤት ተጠራ።

ሚስቱ ሰገን አባቷ ሲሞቱባት ከአምስተኛ ክፍል በኋላ ያቋረጠች ልጅ ነበረች። ካሴን አገባች፣ ሸዋነሽን ወለደች፣ ሩዝ አረመች፣ ላም አለበች። ሸዋነሽ አንደኛ ክፍል ስትገባ እናትየዋም ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ስድስተኛ ክፍል ገብታ ቁጭ አለች። አሁን ልጂቱ ሦስተኛ፣ እናቲቱ ስምንተኛ ናቸው። ስምንተኛ ክፍል ደግሞ የክልል ፈተና አለው፤ ፈተናው ፎርም አለው፤ ፎርሙ ላይ ወላጅ ይፈርማል። አባቷ የሉም፣ እናቷ ሐሙሲት ላይ ከአልጋ ከዋሉ ቆይተዋል። ርእሰ መምህሩ ብዙ ካሰቡ በኋላ «ባልም ቢሆን ከወላጅ ይቆጠራል፤ ይምጣና ይፈርም» አሉ።

ካሴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ሄደ። በመንገድ ያገኘው ሁሉ «ልጅህ ምን አጠፋች?» እያለ ሳቀበት። እሱም አብሮ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ቀን ድረስ ካሴ በሚስቱ ትምህርት የሚኮራ ሰው ነበር። ጠላ ቤት ሲቀመጥ «እኛ ቤት እኮ ሁለት ተማሪ ነው ያለው» ማለት ይወድ ነበር። ራሱ ከአራተኛ ክፍል አልዘለለም። የእንግሊዝኛውን ፊደል አንድ በአንድ ይለያል፤ ሲገጣጠም ግን ይምታታበታል።

ሲደርስ ክፍለ ጊዜው አላለቀም። የእንግሊዝኛው መምህር መንግሥቴ ሠላሳ ያልሞላው፣ ረጅም፣ ከወረታ በሞተር ሳይክል የሚመላለስ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ አየውና «ጋሸ ካሴ፣ ይግቡ፤ እስክንጨርስ ከኋላ አረፍ ይበሉ» አለው። ጥፋቱ ይኸው ነው። ደጅ ቢያስቀምጠው ኖሮ እኛም ዛሬ የምናወራው አይኖረንም ነበር።

ሰሌዳው ላይ ላም ተስላለች። ጥሩ የፎገራ ላም ናት፤ ሻኛዋም ጡቷም የተሟላ ነው፤ ጭራ ብቻ የላትም። ሆዷ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተጽፏል።

«ስሎው ማለት ዝግ ያለ ማለት ነው» አለ መምህሩ። «ሰውየው ምን ዓይነት እንደሆነ ይነግረናል። እንዴት አድርጎ እንደሚሠራ ግን አይነግረንም። እንዲነግረን ምን እናድርግለት?»

«ጭራ እንቀጥልለት!» ብለው ጮኹ ልጆቹ።

መምህሩ ለላሟ ጭራ ሳለላት፣ ጭራዋ ላይ ኤልና ዋይን ጻፈባት። ስሎው ስሎውሊ ሆነ፤ ዝግ ያለው በዝግታ ሆነ። «ጭራ የሌላት ላም ዝንቧን በምን ታባርራለች?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ካሴም ሳቀ። ላም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ትምህርቱ ገባው። ቀጥሎ ልጆቹ እየተነሡ እንደየቃሉ መሄድ ጀመሩ። አንዱ ስሎውሊ ሲባል እግሩን እየጎተተ ሄደ፤ አንዷ ኩዊክሊ ስትባል በሩጫ አቋረጠች። ከዚያ መምህሩ ዞር አለና «ሰገን፣ ሃፒሊ!» አለ።

ሃፒ ደስተኛ ማለት እንደሆነ፣ ጭራው ሲመጣ መጨረሻዋ ላይ ያለችው ዋይ ለአይ ቦታ እንደምትለቅ መምህሩ አስረድቷል፤ ካሴ አልሰማውም። እሱ ያየው ሰገን ስትነሣ ነው። የሠላሳ ዓመቷ ሰገን፣ የሸዋነሽ እናት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ከሰሌዳው እስከ በሩ እየዘለለች ሄደች። ከእስር እንደተፈታ ጥጃ ዘለለች። ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆነ። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ መምህሩም «ጎበዝ!» አለ።

ካሴ ዐሥራ አንድ ዓመት አብሯት ኖሯል። በሠርጋቸው ቀን እንኳ እንዲህ ስትሄድ አላያትም። ፎርሙን ሲፈርም ዓይኑ በሩ ላይ ስለነበረ ስሙ ከመስመሩ ወጣ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ብቻ በልቡ ይመላለስ ጀመር፦ ለኔ ዘልላ አታውቅም። ቅናት አገባቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እንግዳ ሆኖ ደጅ ይቆማል፤ ውሎ አድሮ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ባለቤቱን ያዝዛል። ሰገን ላም ስታልብ «ስሎው፣ ስሎውሊ፤ ኩዊክ፣ ኩዊክሊ» ትላለች። ሩዝ ውስጥ አጎንብሳ አረም ስትነቅልም ትለዋለች። ድሮ ሲሰማት «በርችልኝ» ይላት ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዱ «ሊ» ጆሮው ውስጥ እንደ ትንኝ ጮኸበት።

አንድ ማታ እራት ላይ፣ ምንም እንዳልመሰለው ሰው ሆኖ፣ «ያ መምህራችሁ ሚስት አለው?» አላት።

«እኔ ምን አውቄ» አለች።

ይህች መልስ ሦስት ቀን ምግብ አሳጣችው። አለው ብትለው ኖሮ «እንዴት አወቅሽ?» ሊል ነው። የለውም ብትለውም «እንዴት አወቅሽ?» ሊል ነው። አላውቅም ስትለው ደግሞ «እያወቀች ደበቀችኝ» አለ። ለቀናተኛ ሰው የሚሆን መልስ እግዜርም አልፈጠረ።

በሰኔ መጨረሻ ሰገን ሩዝ ልታስፈለፍል ወረታ ስትወርድ ካሴ ደብተሯን አወጣ። እጁን በጋቢው ጠርጎ ነው የገለጠው፤ ሌብነቱ እንኳ በንጽሕና ነበር። ገጾቹ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሞልተዋል። መጨረሻው ገጽ ላይ ግን ቀይ ነበረበት። ቀዩ የመምህሩ ነው። የሰው ሰው በሚስቱ ደብተር ላይ በቀይ ሲጽፍ ማየቱ ብቻውን ይበቃው ነበር። ከላይ ጀምሮ ፊደል ቆጠረ። ኤም፣ ኢ፣ ኤን፣ ጂ… መንግሥቴ! የመጀመሪያው መስመር ላይ የመንግሥቴ ስም አለ። ዓይኑ ወደ ታች ሮጠና መጨረሻው መስመር ላይ አንዲት የሚያውቃት ቃል አገኘ። ይህችን ቃል በፎገራ የማያውቃት የለም፤ የወረታ ባጃጆች ሁሉ ኋላቸው ላይ ከቀይ ልብ ጋር ለጥፈዋት ይዞራሉ። ላቭ ናት።

ከላይ መንግሥቴ፣ ከታች ላቭ። በመካከል ያሉትን መስመሮች ለማንበብ አልሞከረም። ቅናት የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚያነብ። ገጹን ገንጥሎ አጣጠፈና ከሸሚዙ ደረት ኪስ ከተተው። ሰገን ስትመለስ አገላብጣ ፈልጋ «ካሴ፣ አንድ ገጽ ጠፍቶብኛል፤ አይተኸዋል?» ብትለው «አይጥ ይሆናል» አላት። «አይጥ አንድ ገጽ መርጦ ይበላል?» አለች፤ ያም ነገር በዚያው ቀረ።

ወረቀቱን ለሚያነብለት ሰው ማሳየት ይችል ነበር። ግን የገዛ ውርደቱን ከሰው አፍ መስማት ፈራ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሁለቱ አንድ ኪስ ውስጥ ሲገናኙ እንዴት እንደሚሆን አስቡት። ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ አንድ ሐሳብ ላይ ደረሰ። ሰገን ፈተናውን ካለፈች ለዘጠነኛ ክፍል ወረታ ልትገባ ነው። መንግሥቴ የሚኖረው ወረታ ነው። እንግዲያው ሰገን ማለፍ የለባትም። እንዳታልፍ ደግሞ መፈተን የለባትም።

የዚያ ዓመት ትምህርት ዘግይቶ ስለተጀመረ ፈተናው የሩዝ አረም በጦፈበት በሐምሌ ዘጠኝና ዐሥር ላይ ወደቀ። አረም ደግሞ በወንፈል ነው። ሃያ የሚሆን ሰው ተራ በተራ የእያንዳንዱን ቤት ሩዝ ያርማል፤ ባለተራው ያበላል፣ ያጠጣል። በዚያ ቀን የቤቱ እመቤት ከቤት ብትጠፋ ነውሩ እስከ ልጅ ልጅ ይነገራል። የካሴ ተራ ሐምሌ ዐሥራ አራት ነበር። ዘጠኝ የእማማ ጥሩብርሃን ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ምላሳቸው ግን ምንም ሕመም የሌለበት አሮጊት ጎረቤት ናቸው።

«እማማ ጥሩብርሃን፣ ተራዎን ቢቀይሩኝ?» አላቸው። «ሩዜ በአረም ታንቋል፤ እስከ ዐሥራ አራት አይጠብቀኝም።»

«ዘጠኝን?» አሉ ቀና ብለው። «አንተ ዘጠኝን ፈልገህ?»

«አዎ፣ ዘጠኝን።»

«በሞቴ በል!»

«በሞትዎ። ምን ሐሰት አለው?»

«እመብርሃን ትባርክህ የኔ ልጅ! የሚወስድልኝ አጥቼ ስዞር ነው የሰነበትሁ። ዘርህ ይለምልም! እንዲያው አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!»

ሰው የማይፈልገውን ቀን ለምን እንደማይፈልገው መጠየቅ የማንም ብልህ ሥራ ነው። ካሴ አልጠየቀም። የወንፈሉ አለቃ ጋሸ ደሞዝም ሰምተው «ዘጠኝን ወሰድህ አሉ። አስበህበታል?» ሲሉት «አስቤበታለሁ» ብሎ አለፈ። ሽማግሌው ጢማቸውን ይዘው ሳል መሳይ ነገር ሳሉ።

ለሰገን በሐምሌ ሰባት፣ በሥላሴ ዕለት ነገራት። «ወንፈሉ ለተነገ ወዲያ እኛ ቤት ሆኗል።»

ሰገን የያዘችውን አስቀመጠች። «ማን ቀየረው?»

«እማማ ጥሩብርሃን ናቸዋ። ለመኑኝ፤ አሮጊት እንዴት እምቢ ይባላል?»

እንባ ጠብቆ ነበር። ጠብም ጠብቆ ለጠቡ የሚሆን መልስ አዘጋጅቶ ነበር። ሰገን ግን ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ ወደ ሩዙ አየችና «ጥሩ። ለስንት ሰው ላሰናዳ?» አለች።

«ለሃያ» አለ ካሴ። ድምፁ አነሰበት። «ጥሩ» ማለቷ ከስድብ ይልቅ አስፈራው። ሰገን ሁለቱን ቀን ለሃያ ሰው አሰናዳች፤ ጠላው ስላልደረሰ ከጎረቤት ለምና ጋን አስሞላች። ደብተሯን አልነካችም። ካሴ ይህን እያየ ደስ ሊለው ሲገባ አልለው አለ።

ሐምሌ ዘጠኝ ጧት ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ ከቁሐር እስከ ጠጠሩ መንገድ ያለው ሁሉ ውሃ ነው። የካሴ የደንገል ሣር ታንኳ ከሩዙ ዳር ታስራ ትንሳፈፋለች። ሰገን አሮጌ ቀሚሷን ለብሳ፣ ራሷን በሻሽ ጠምጥማ፣ ከባሏ ጎን ቆመች። አንድ ሰዓት ሆነ። እማማ ጥሩብርሃን ከዘራቸውን ተመርኩዘው መጡ። ጋሸ ደሞዝ መጡ። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም።

«የት ቀረ ሰዉ?» አለ ካሴ።

መልሱ በውሃው ላይ መጣ። ታንኳዎች ተከታትለው ብቅ አሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ስምንት። ልጆች ተሳፍረውባቸዋል፤ ታጥበው፣ ተቀብተው፣ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው። የባየህ ሁለቱ ልጆች፣ የይርጋለም ልጅ፣ የመባ ልጅ። አባቶቻቸው ይቀዝፋሉ። ካሴ ልጆቹን አንድ በአንድ አያቸው። ባለፈው ሳምንት በመባ ሩዝ ውስጥ ከጎኑ አጎንብሰው ያርሙ የነበሩት እነዚሁ ናቸው።

«ምን ታፈጣለህ?» አሉ እማማ ጥሩብርሃን። «የአረም ወንፈል እጁ ልጅ አይደል? ወገቡ ለሚታጠፍለት ነው የሚተወው። ከሃያው እጅ ዐሥራ ሦስቱ ዛሬ እርሳስ ይዟል፤ የቀረው ልጁን ያደርሳል። ለዚህም አይደል ቀኑን የሚወስድልኝ ያጣሁት!»

ከታንኳዎቹ ላይ ልጆቹ እጃቸውን እያወዛወዙ ተጣሩ። «እትየ ሰገን! ነይ እንጅ! ረፈደ እኮ!»

«ሂዱ፣ እደርሳለሁ!» አለች ሰገን።

ካሴ ዞሮ አያት። ሰገን አሮጌ ቀሚሷን በራሷ ላይ አወለቀች። ከሥር የትምህርት ቤት የደንብ ልብሷን ለብሳለች። ከጡቷ ሥር በፌስታል የጠቀለለቻቸውን የፈተና ካርዷንና ደብተሯን አወጣች።

«ሰው ቢመጣ አርም ነበር» አለችው። «ወንፈል ነው፤ በሰው ፊት አላሳፍርህም ብየ ቆሜ ጠበቅሁ። ይኸው ማንም አልመጣም። ከእንግዲህ ምን ጥፋት አለብኝ?»

«እንደማይመጡ ታውቂ ነበር?»

«የክፍል ጓደኞቼን? እንዴት አላውቅ!» ወደ አሮጊቷ ዞር አለች። «እርስዎም እማማ ምነው ይህን ቀን መርጠው ለእኛ ለመኑልን?»

«ማ? እኔ ለመንሁ?» አሉ እማማ ጥሩብርሃን ከዘራቸውን ጭቃው ላይ ተክለው። «ራሱ መጥቶ ነው የወሰደው! እኔማ መርቄዋለሁ፤ ምርቃቴ ምስክሬ ነው!»

ጋሸ ደሞዝ ሰማዩን አዩ። ሰገን ባሏን አየችው። ብትሰድበው፣ ብትጮህበት፣ ጭቃ አንሥታ ብትወረውርበት በተሻለው ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ የታንኳዋን ገመድ መፍታት ጀመረች። ቀዝፋ አታውቅም።

«ወንፈሉ እንደሆነ ተራህ አልፏል» አሉ ጋሸ ደሞዝ ቀስ ብለው። «ዙሩ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ።»

«ሰማህ?» አሉ እማማ ጥሩብርሃን። «ሩዝህን አረም ሊውጠው ነው። የሃያ ሰው ምግብ ቤትህ ተደርድሮ የሚበላው የለም። ሚስትህ ብቻዋን ውሃ ልትገባ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንተ ነህ! አሁን ምን ቀርቶህ ነው እንደ ምሰሶ የምትገተር?»

ካሴ ታንኳው ላይ ወጥቶ መቅዘፊያውን ያዘ።

ሰገን ከፊቱ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀምጣ ደብተሯን ገለጠች። ቀዘፈ። ሌሎቹ ታንኳዎች ርቀው ነጥብ ነጥብ ሆነዋል። ፈተናው ሦስት ሰዓት ይጀምራል፤ ውሃውን ከተሻገሩ በኋላም የግማሽ ሰዓት መንገድ አለ። ሰገን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች፤ ኬርፉል፣ ኬርፉሊ፤ ላውድ፣ ላውድሊ። ካሴ ትከሻው እስኪቃጠል ቀዘፈ። መሐል ላይ ሰገን ቀና ሳትል «ኩዊክሊ» አለች።

ከደብተሩ ያነበበችው ይሁን እሱን ያዘዘችው አላወቀም። ትርጉሙን ግን ያውቀዋል፤ ያቺ ልጅ በክፍሉ መሐል ስትሮጥ አይቷል። እንደዚያች ልጅ ቀዘፈ።

ጠጠሩ ላይ ሲወጡ ጭቃ በጭቃ ሆነው ሮጡ። ወረታ፣ ፈተናው የሚሰጥበት ግቢ በር ላይ፣ መንግሥቴ ዝናብ እያካፋበት ቆሞ ከዘበኛው ጋር ይከራከራል። አንድ እግሩን በሩ ውስጥ አስገብቷል፤ እንዳይዘጉበት ነው።

«መጣች! አላልሁዎትም?» ብሎ ጮኸ። «ሰገን! ኩዊክሊ!»

ሰገን ሳቀች። እየሳቀች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ በሩጫ ገባች። ያችው ቃል ናት። እሱ ጋ ታንኳ ላይ ደረቅ ነበረች፤ የመምህሩ አፍ ላይ ስትሆን ሳቅ ወጣባት። ካሴ ያን ሁሉ ቀዝፎ፣ ያን ሁሉ ሮጦ፣ ሚስቱን ለዚህ ሰው ሳቅ ያደረሳት መሰለው።

መንግሥቴ ዞሮ በሁለት እጁ ጨበጠው። «ጋሸ ካሴ፣ እርስዎ ባያመጧት ቀርታ ነበር። ባል ማለት እንዲህ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ከስድብ የሚከፋ ምስጋና አለ። ካሴ መሬት መሬት አየ።

ከግቢው ትይዩ የአሲያ ሱቅ አለች። አሲያ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ተምራ ባሏ ሲሞት ሱቁን የያዘች፣ ደብተርና ስኳር የምትሸጥ ሴት ናት። ካሴ ከዝናቡ ለመጠለል በረንዳዋ ላይ ቆመ። ወረቀቱ ደረቱ ላይ ረጥቦ ተጣብቋል። ብዙ ቆየ። በመጨረሻ «ከዚህ በላይ ምን ውርደት ይመጣል?» ብሎ አወጣውና ባንኮኒው ላይ ዘረጋው።

«እትየ አሲያ፣ ይህን አንብቢልኝ። የ… የዘመድ ነው።»

አሲያ መነጽሯን አደረገች። «የቤት ሥራ ነው። ስለምታውቋቸው ሰዎች አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ የተባሉ ይመስላል። በኤልና ዋይ የሚያልቁ ቃላት እየጨመሩ።» ጣቷን አስኬደች። «መምህር መንግሥቴ ጮክ ብሎ ይናገራል። ጥሩብርሃን ሲስቁ ያምራሉ። ልጄ ሸዋነሽ በሰላም ትተኛለች። ላማችን ቀስ ብላ ትጠጣለች።» አሲያ ቆም አለች። «መጨረሻው አልተሟላም። ባለቤቴ ይወደኛል ይላል፤ ከዚያ ክፍት ቦታ ነው።»

«ክፍት?»

«ክፍት። መምህሩ በቀይ አንድ ቃል ጽፎበታል።»

«ምን ብሎ?» አለ ካሴ።

«እንዴት? ብሎ።»

ካሴ ወረቀቱን አየ። ሁለት ሳምንት ደረቱ ላይ ያቃጠለው ቀይ ይኸው ነው፤ አንድ ጥያቄ ነው። የመንግሥቴ ስም ሌላ አንድ መስመር ላይ ከነጩኸቱ ብቻውን ተቀምጧል። ላቭ ያለችበት መስመር የራሱ ነበር። የራሱን መስመር ገንጥሎ፣ በራሱ ሲቀና ከርሞ፣ የሚስቱን ፈተና ሊያስቀር ሄዶ ነበር።

አሲያ ጭቃ የነካውን እግሩን፣ ረጥቦ የተጣበቀውን ሸሚዙን፣ መልሳም ወረቀቱን አየች። «ለዘመድህ ንገራት» አለች መነጽሯን እያወለቀች። «ብትጨርሰው ጥሩ ነው። ጥያቄው ከባድ አይደለም።» እርሳስም ሰጠችው።

ስድስት ሰዓት ላይ ተፈታኞቹ ወጡ። ሰገን ልጆቹን ሰብስባ «ምሳ እኛ ቤት ነው! ሁላችሁም! የወንፈሉ ምግብ ተደርድሮ ነው ያለው» ስትል ልጆቹ በደስታ ጮኹ። ወደ ውሃው ወረዱ። ስምንቱ ታንኳዎች እየተንጫጩ ቀድመው ሄዱ። የካሴ ታንኳ መጨረሻ ቀረች። አሁን ሰገን ፊቷን ወደ እሱ አድርጋ ተቀምጣለች። መሐል ሲደርሱ ካሴ መቅዘፉን አቆመ።

«አይጥ አልበላውም» ብሎ ወረቀቱን ሰጣት።

ሰገን ገለጠችው። ያስነበበው መሆኑን ከፊቱ ተረዳች።

«ተራውንም የቀየርሁ እኔ ነኝ» አለ።

«ሰማሁ እኮ። እማማ አገር እስኪሰማ ነገሩኝ።»

«ትምህርት ቤት የመጣሁ ቀን ሃፒሊ ስትሄጅ አየሁሽ» አለ ካሴ። «ለኔ እንዲያ ሂደሽ አታውቂም። ቀናሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው አልሆንሁም።»

«ቤት ውስጥ ማን ሃፒሊ ሂጅ ብሎኝ ያውቃል?» አለች። «ውሃ ቅጅ እባላለሁ። ላሟን እሰሪ እባላለሁ። እሱ አለኝ፤ ሄድሁ።»

ውሃው ታንኳዋን ቀስ እያለ ያንሳፍፋታል።

«ይህንስ ለምን አልጨረስሽውም?» አለ በመጨረሻ ወደ ወረቀቱ እያመለከተ።

«ቃል አጣሁለት። አራት ቀን አሰብሁ። አንተ ዝም ትላለህ፤ ዝም የሚል ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚወድ በምን ይታወቃል? መውደድህን አውቃለሁ። እንዴት እንደሆነ ነው የጠፋኝ።»

ካሴ እጁን ዘረጋ። ወረቀቱን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ የአሲያን እርሳስ ከኪሱ አወጣ። ክፍቱ ቦታ መጨረሻ ላይ ምላሱን ነክሶ ሁለት ፊደል ጻፈ። ኤል። ዋይ። ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ከስሙ በቀር የጻፈው ይህ የመጀመሪያው ነው። መለሰላት።

ሰገን አየችው። ዋይዋ ተንጋድዳለች። ከፊቷ ያለው ቦታ አሁንም ባዶ ነው።

«ጭራውስ ይኸው» አለች፤ ከንፈሯ ዳር ላይ ሳቅ መሳይ ነገር ነበር። «ላሟ የታለች?»

ካሴ መቅዘፊያውን አነሣ።

«እየፈለግኋት ነው» አለ።